በሰው እጅ የተላከ ስእለት

ኡባሺማ ደሴት
በሦስተኛው ወር በ2ኛው ቀን፣ እ.ኤ.አ. 1954

ይድረስ ለልጄ ለኢሳኪቺ፣ ኦሳካ

ዘይት የምንጨምቅለት የጹባኪ ዛፍ አበባው ረግፎ ግቢዬ ቀይ በቀይ ሆኗል። አንተ እንዴት ከረምክ? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እኔ ከዳሌዬ በቀር ደኅና ነኝ። ዳሌዬ ግን ዘንድሮ አልታዘዝም ብሎኛል፤ ከቤት እስከ ዘይት መጭመቂያው ለመድረስ ሁለቴ አርፋለሁ።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርህ። ዮሄይ ልጄ ከዘመተ አሥር ዓመት፣ ጦርነቱ ካበቃ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ከእሱ ጋር በአንድ ጀልባ ለሄዱት ለኩማ፣ ለቶዮና ለሚኔ ልጆች መርዷቸው መጥቷል፤ የመቃብር ድንጋያቸውም ቆሟል። የኔ ግን መርዶውም አልመጣ፣ እሱም አልመጣ። ሳይቤሪያ ውስጥ ምርኮኛ ሆኖ ታይቷል የሚል ወሬ አንዴ ሰምቼ ያችኑ ይዤ አለሁ። በየጠዋቱ ገበታውን አቀርብለታለሁ፤ ሩዝ፣ ሾርባ፣ አንድ ቁራጭ ዓሣ። በሩቅ ያለ ሰው እንዳይራብ ገበታው በቤቱ ይቀርብለታል፤ አያቶቻችን እንዲህ ነው ያቆዩን። የሾርባውን ክዳን ሳነሳ ላብ ካገኘሁበት ልጄ በሕይወት አለ እላለሁ። ኩማ ታሾፍብኛለች፤ «ትኩስ ሾርባ ከድነሽ ላብ ባይኖረው ነበር የሚገርመው» ትላለች። ትበል።

ባለፈው ወር ለአሳሂሜ መቅደስ ስእለት ገባሁ። ስእለቴ መቅደሱ ደጃፍ እስኪደርስ ጨው በአፌ አይዞርም ብያለሁ። ሚሶ የለ፣ ሶይ የለ፣ የደረቀ ዓሣ የለ። ጸጉሬንም ከሥሩ ቆርጬ፣ በገዛ ዘይቴ አሽቼ በነጭ ወረቀት ጠቅልዬዋለሁ። እኔ በዚህ ዳሌ መሄድ አልችልም። ተወክሎ የሚሄደው ደግሞ የቤት ሰው መሆን አለበት። አንተ የባሌ የአጎቱ የልጅ ልጅ ነህ፤ ዝምድናው ቢርቅም ከዮሄይ ጋር በአንድ ፍራሽ ተኝታችሁ አድጋችኋል። ሌላ ማን አለኝ? ሂድልኝ። ስሙን ጠርተህ አምጣው በልልኝ።

አማልክቱ ከክፉ ይጋርዱህ።
ሺጌኖ


ኦሳካ
በሦስተኛው ወር በ25ኛው ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ሺጌኖ

የጸደዩ ነፋስ ወደ ደሴቲቱ ሲሻገር የኔንም ሰላምታ ይዞልኝ ይሂድ። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆየ፤ በመዘግየቴ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ማተሚያ ቤቱ ሥራ በዝቶበት ጣቴ ከቀለም አልጸዳ ብሏል።

እትዬ፣ ስለ ስእለቱ ብዙ አሰብኩ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ሁለት ባቡር፣ ከዚያም በእግር። አለቃዬም ፈቃድ የሚሰጠኝ አይመስለኝም። ደግሞስ ከቤትዎ ሆነው ቢለምኑ አማልክት አይሰሙም? ዕድሜዎ ከስድሳ አልፏል፤ ጨው ማቆሙ ይጎዳዎታል። ይተዉት እባክዎ። አንዳንድ ነገር በግድ ሲጎትቱት ያልጠበቁትን ይዞ ይመጣል። ምን ለማለት እንደፈለግሁ እኔም በደንብ አላውቅም፤ ብቻ ይተዉት።

ጤናዎን አጥብቀው ይያዙ።
አክባሪዎ ኢሳኪቺ


ኡባሺማ
በአራተኛው ወር በ3ኛው ቀን

ልጄ ኢሳኪቺ፣ ጤና ይስጥህ። የላክኸው ምክር ደረሰኝ። ምክር ግን አልለመንኩህም።

አለቃህ ፈቃድ ከከለከለህ ልጻፍለት? የስምንት ዓመት ልጅ ሳለህ ድንጋይ እግርህን የቆረጠህ ጊዜ ዮሄይ ከባሕሩ ዳር እስከ ቤት በጀርባው አዝሎ ነው ያመጣህ። ያኔ ማንንም ፈቃድ አልጠየቀም። «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይባላል። እኔ ጨው ትቻለሁ፤ አንተ ደግሞ ድንጋይ አትሁንብኝ።

ጸጉሬን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ሁለት ጠርሙስ ዘይትም አለበት፤ አንዱ ለመቅደሱ፣ አንዱ ላንተ። ከዛሬ ጀምሮ ለአንተም ገበታ አቀርብልሃለሁ፤ መንገድ ላይ አትራብም። ሂድ ብያለሁ።

ሺጌኖ


ኦሳካ
በአራተኛው ወር በ20ኛው ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ሺጌኖ

የቼሪው አበባ እንደ በረዶ በሚረግፍበት በዚህ ሰሞን ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ሄጄ ትናንት ተመለስኩ። ድካሜ ሳይወጣልኝ ብዕር ያነሳሁት ደስታውን ብቻዬን መያዝ ስላልቻልኩ ነው።

የመቅደሱን ድልድይ እንደተሻገርኩ የዓለሙ ጫጫታ ከኋላዬ ቀረ። የዚያ አገር ዝግባ አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፈውም። ከድንጋዩ ገንዳ እጄን ታጥቤ፣ አፌን ተጉመጥምጬ፣ ጠጠሩን እያንኮሻኮሽኩ ገባሁ። ሰማንያ ሦስት ደረጃ አለ። ሲጨርሱት በስተግራ መቅደሱ ብቅ ይላል። ምን ብዬ ልንገርዎ! ምሰሶዎቹ ከዕድሜ ብዛት አመድ መስለዋል፤ የሣር ክዳኑ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል። ዝም ብሎ የተቀመጠ ሽማግሌ ፊት የቆምኩ መሰለኝ። ቀይ ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች ቃጭል ይዘው ሲያሸበሽቡ እግራቸው ምድር የነካ አይመስልም።

ባደርኩበት የእንግዳ ማደሪያ ያቀረቡልኝ ምግብ ደግሞ በአሥራ አንድ ትንንሽ ሳሕን ነበር። የተጠበሰ ቀይ ዓሣ፣ ከዝንጅብል ጋር ነጭ የአኩሪ አተር ቶፉ፣ ለጋ የቀርከሃ ቡቃያ፣ በቼሪ ቅጠል የተጠቀለለ ሩዝ። ካሮቷን እንኳ አበባ አስመስለው ቀርጸዋታል፤ ለመብላት ያሳዝናል። የማደሪያው እመቤት የዝናብ ቀለም ያለው ኪሞኖ ለብሳ፣ ጸጉሯን በጥንቱ ወግ ወደ ላይ ሠርታ በአንዲት የእንጨት ማበጠሪያ ይዛዋለች። ሻይ ልትቀዳ ጎንበስ ስትል የጹባኪ ዘይት ሸተተኝና እርስዎ ትዝ አሉኝ። እንዲህ ያለ ውበት አሁንም አለ ወይ ብዬ ተደነቅሁ።

የእርስዎንም አደራ አድርሻለሁ። ከእንግዲህ ጨው ይብሉ።

አክባሪዎ ኢሳኪቺ


ኡባሺማ
በአምስተኛው ወር በ2ኛው ቀን

ይድረስ ለተባረከው ልጄ ለኢሳኪቺ

እግርህን እንቅፋት አይምታው! ደብዳቤህ በደረሰ ዕለት በጨው የከረመች አንዲት ፕለም ከማሰሮ አውጥቼ በላሁ። ከምላሴ ስትደርስ እንባዬ መጣ። ሁለት ወር ከአሥር ቀን ነበር።

ኩማና ቶዮ ሊያስነብቡኝ መጡ። ሦስቴ ነው ያነበብኩላቸው። ኩማ፣ «ይሄ ልጅ ምላሱ ማር ነው! እኔ ብሆን ‹ደረጃው በዛ፣ ጉልበቴን አመመኝ› ብዬ ነበር የምጨርሰው» አለች።

ቶዮ ደግሞ፣ «የማደሪያዋ እመቤት ባል እንዳላት ጠይቂልን» አለች።

«ምነው? ልትድሪው ነው?» አልኳት።

«ታዲያ! ሠላሳ አምስት ዓመት የሞላው ወንድ ስለ ካሮት እንዲህ የሚጽፈው ቤት የሚይዝለት ሰው ቢያጣ ነው።»

እኔም ሳቅሁ። ማታ ብቻዬን ሳነበው ግን አንድ ነገር ቅር አለኝ። ደረጃውን ቆጥረህ፣ ሳሕኑን ቆጥረህ፣ የልጄን ነገር በአንድ መስመር ጨረስከው። ስሙን ጮክ ብለህ ጠራኸው? ጸጉሬን ማን ተቀበለህ? ምን አለህ? ለተወካይ የሚሰጠውን የመቅደሱን ክታብስ ለምን አላክኸውም? ከዮሄይ ገበታ አጠገብ ልሰቅለው ቦታ አዘጋጅቻለሁ። ቶሎ ላክልኝ።

እናትህ ነኝ ብል አታፍርብኝም፣
ሺጌኖ


ኦሳካ
በአምስተኛው ወር በ28ኛው ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ ሺጌኖ

የአዲስ ቅጠል ወራት እንዴት ይዞዎታል? ጨው በመብላትዎ ልቤ አረፈ።

ክታቡ ከመሐረቤ ጋር ባቡር ውስጥ ጠፍቶብኛል። ይህን ለመጻፍ አፍሬ ነው የዘገየሁት። ጸጉርዎን ነጭ የለበሰ ካህን በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ስሙንም ጠርቻለሁ። ስመለስ ደግሞ ቀያይ የእንጨት በሮች ተራራ ለተራራ የተደረደሩበት አንድ ትንሽ መቅደስ አየሁ። በሮቹ ሥር አንዲት አሮጊት የአረንጓዴ ሻይ ዱቄት በሙቅ ውኃ በእርጋታ ትመታለች፤ የእጇን አዟዟር ቢያዩት ከጭፈራ አይተናነስም። ይህን ሁሉ በአካል ብነግርዎ እመርጥ ነበር።

እትዬ፣ ስእለቱ ደርሷል። እባክዎ ነገሩን በጥያቄ አናድክመው።

አክባሪዎ ኢሳኪቺ


ኡባሺማ
በስድስተኛው ወር በ10ኛው ቀን

ኢሳኪቺ

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ያንተ ግን ሁለት ወር እንኳ አልተጓዘም።

የጀልባ ማረፊያችንን ሊጠግን ገንዛ የሚባል አናጢ ከማዶ መጥቶ ኩማ ቤት አርፏል። ኩማን መቼስ አታውቃትም? «ነይ እስቲ ያንን ያማረ ደብዳቤ ለእንግዳው አንብቢለት» አለችኝ። እኔም ኩራቴን ይዤ ሄድኩ። ደረጃውን አልፌ ስቀጥል ሰውዬው መብላቱን አቆመ።

«እማማ፣ እስቲ እሷን ይድገሙልኝ።»

«የቷን?»

«አመድ መስለዋል የምትለዋን።»

ደገምኩለት። ሳቅ አለ። «ልጅዎ የሄደው መቼ ነው?»

«ባለፈው፣ በአራተኛው ወር።»

«እንግዲያ ሌላ መቅደስ ዓይቶ ይሆናል። የአሳሂሜን ምሰሶ አምና መኸር ላይ በዚህ እጄ ልጌዋለሁ። አመድ? ገና እንደ ሕፃን ገላ ነው የሚያበራው! የቆመውም በስተቀኝ ነው። በስተግራ ያለው ፈርሶ ባዶ ሜዳ ሆኗል፤ ነጭ ጠጠር ብቻ ነው ያለበት።»

በየሃያ ዓመቱ አሮጌው ፈርሶ አዲሱ በጎኑ እንደሚሠራ እኛም እናውቃለን። ጦርነቱ ያስቀረው መስሎን ነበር። ሰዉ ግን ራቱን እየቀነሰ ሠርቶታል። ቶዮም እዚያው ነበረች፤ መሬት መሬት አየች። እኔ ደብዳቤውን አጣጥፌ ወጣሁ፤ ዳሌዬ ሲያመኝ እንኳ አልተሰማኝም።

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። እሺ፣ አለመሄድህስ ይሁን። ሥራ በዛብኝ ብትለኝ ተቆጥቼህ እተውህ ነበር። አንተ ግን «ጨው ይብሉ» አልከኝ። በአንተ ቃል በላሁ። ስእለቴ ከደጃፉ ሳይደርስ ስእለቴን አፈረስኩ። ይህ ምን እንደሆነ ታውቃለህ፤ እዚህ ነው ያደግኸው። አሁን ልጄ አንድ ነገር ቢሆን የገደልኩት እኔ ነኝ፤ እጄን ይዘህ ያስገደልከኝ ደግሞ አንተ ነህ። እኔ ለአንተ በየጠዋቱ ሩዝ ሳቀርብ፣ መንገድ ላይ እንዳትራብ ስል፣ አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ስለ ካሮት ትጽፍልኝ ነበር።

ለምን? እሱን ብቻ ንገረኝ። ጸጉሬስ የት ነው?

ሺጌኖ


ኦሳካ
በስምንተኛው ወር በ19ኛው ቀን

እትዬ ሺጌኖ

ሰላምታ የማቀርብበት አፍ የለኝም። ሁለት ወር ሙሉ ብዕር ሳነሳና ስጥል ከረምኩ።

አልሄድኩም። የመቅደሱን ነገር የገለበጥኩት ከአያቴ የጉዞ ማስታወሻ ነው። እሱ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት የደሴቲቱ ተወካይ ሆኖ ሄዶ ያየውን ነው ያየሁ መስዬ የነገርኩዎት። ሰው ሩዝ አጥቶ ድንች በሚበላበት ዘመን ማን መቅደስ ያድሳል ብዬ ነበር። ምግቡን ከምናትመው የማደሪያ ማስታወቂያ ወሰድኩት። ደረጃውን ያበዛሁት፣ ሴትዮዋንም የፈጠርኳት እኔ ነኝ።

የሚቀጥለውን ተቀምጠው ያንብቡት። በጨው ማንንም አልገደሉም። ዮሄይ በሕይወት አለ። ከተመለሰ ስድስት ዓመቱ ነው። የሚኖረው እዚሁ ኦሳካ ነው፤ ከእኔ ቤት በትራም ሃያ ደቂቃ።

ያገኘሁት ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ማበጠሪያና የጸጉር ዘይት የሚሸጥ ሱቅ ገብቼ ቀና ስል እሱ ነው። «ዮሄይ!» ብዬ ጮህኩ። «ተሳስተዋል ጌታው» አለኝ። ግራ ገብቶኝ ወጣሁ። ሱቁን ዘግቶ እየሮጠ ከመንገዱ ጥግ ደረሰብኝና ክንዴን ያዘኝ።

«እናትህ በየቀኑ ገበታ ታቀርብልሃለች እኮ!» አልኩት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው?»

«ሦስቱ ሞተው እኔ ብቻዬን ልመለስ? የኩማ ቤት ከቤታችን በአጥር ነው የሚለየው። በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ ‹ልጄ እንዴት ሞተ?› እያለች ስታየኝ ምን ልበላት? ሳይሞት የመጨረሻዋን ዳቦ ከኪሱ ያወጣሁት እኔ ነኝ ልበላት?»

ከመርከብ ሲወርድ ሌላ ስም ሰጠ። ከተማው ከነመዝገቡ የጋየበት ሰው ብዙ ነበርና ማንም አልጠየቀው። ከዚያ ወንድ ልጅ የሌለው ባለሱቅ ልጁን ድሮለት ቤቱን አወረሰው። ሚስት አለችው፤ አራት ዓመት የሞላት ሴት ልጅም አለችው። ለሚስቱ... እትዬ፣ ለሚስቱ እናቴ በጦርነቱ ሞታለች ብሏታል።

ላልናገር አስማለኝ፤ ማልኩለት። ሦስት ዓመት ሙሉ «የተመላሾችን ወሬ አጣራልኝ» እያሉ ሲጽፉልኝ «አጣራለሁ» እያልኩ መለስኩ። ጸጉርዎ ሲደርሰኝ ወስጄ ፊቱ አስቀመጥኩት። ወረቀቱን ፈትቶ አየው። ከዚያ ጠቅልሎ መለሰልኝና፣ «ሚስቴ ቤት ሳለች እንዲህ ያለ ነገር አታምጣ» አለኝ። አሁን እኔ ጋ ነው ያለው። የመጣን ሰው አምጣልኝ ብሎ መለመን በአምላክ ላይ መቀለድ መሰለኝና መሄዱን ፈራሁ። እርስዎ ላይ መቀለዱን ግን አልፈራሁም።

አድራሻውን ከታች ጽፌዋለሁ። መሐላዬን በማፍረሴ አሁን ሁለታችሁንም ከድቻለሁ።

ኢሳኪቺ


ኡባሺማ
በአሥረኛው ወር በ4ኛው ቀን

ኢሳኪቺ

ሰላምታው ይቅር።

ሄጄ ተመለስኩ፤ በዚህ ዳሌ። ያልሰመረ ስእለት በሰው እጅ ይላካል፣ የሰመረውን ግን ባለቤቱ በእግሩ ሄዶ ያመሰግንበታል። የኔ ደግሞ ሰምሯል። ሳልሳለው፣ ከስድስት ዓመት በፊት ሰምሯል። እኔ ነበርኩ ያልሰማሁት።

አሁን ዓይኔ ያየውን እኔ ላውራህ። ደረጃው ሃያ ስድስት ነው። ለዳሌዬ ግን ሰማንያ ሦስት ነበር፤ በዚህስ አልዋሸህም። መቅደሱ በስተቀኝ ነው። ቀለም የለ፣ ወርቅ የለ፣ የተላገ እንጨት ብቻ፤ የእንጨቱ ሽታ ገና አልወጣለትም። ፊት ለፊቱ ነጭ መጋረጃ ተሰቅሏል፤ ከዚያ ወዲያ ማንም አያልፍም። ያን ሁሉ መንገድ ሄደህ የምታየው ጨርቅ ነው። ነፋስ ገለጥ ሲያደርገው አጠገቤ የቆመች ሴት «አየሽ?» አለችኝ። «አላየሁም» አልኳት። «እኔም» አለች፤ ሁለታችንም ሳቅን። ለዘጠኝ ዓመት እንደዚያ አልሳቅሁም።

ሁለቴ ሰገድኩ፣ ሁለቴ አጨበጨብኩ፣ ልጄን ስለመለስክልኝ አመሰግናለሁ አልኩ። ልቤ ውስጥ ግን ምስጋና አልነበረም። ቂም ነው የነበረው፤ በአንተም፣ በእሱም፣ በአምላኩም። እናት ልጇ በሕይወት መኖሩን ሰምታ ምነው ባልሰማሁ ትላለች? እኔ ብያለሁ።

ከበሩ ውጪ ቀይ ባቄላ የተለበጠበት የሩዝ ቂጣ ይሸጣሉ። ጣፋጩ እንዲጎላ ቆንጠር አድርገው ጨው ጣል ያደርጉበታል። አንዱን በላሁ፤ ሁለተኛው አልወርድ አለኝ። የቀረውን ለዚያች ሴት ሰጠኋት።

ስመለስ ኦሳካ ላይ ወረድኩ። አንተ ጋ ለመምጣት አላሰብኩም። ሱቁን በአድራሻው አገኘሁት። ንጹሕ ሱቅ ነው፤ ማበጠሪያዎቹ በመጠናቸው ተደርድረዋል። ሚስቱ ወንበር ሰጠችኝ፣ ሻይ አቀረበችልኝ። ደግ ሴት ናት፤ ክፉ ብትሆን ይቀለኝ ነበር።

«እማማ፣ ከሩቅ ነው የመጡት? አነጋገርዎ የኛ አገር አይደለም» አለችኝ።

«ከደሴት ነው።»

ከጓዳ የልጅ ሳቅ ሰማሁ። ከዚያ እሱ ወጣ። ወፍሯል፤ ጆሮው የአባቱ ነው። አወቀኝ። ሊያሳየኝ ያነሳው ማበጠሪያ አየር ላይ ቆመ። ጸጉሬ ገና የጣት ርዝመት ነው፤ እሱን ዓይቶ ዓይኑን ሰበረ።

«ለስጦታ ነው፣ እማማ?» አለኝ፤ በከተማው አነጋገር።

«አዎ፤ ለልጄ ሚስት።»

ሚስቱ አጨበጨበች። «ታድላ! እንዲህ ያለች አማት ማን ሰጣት! ልጅዎ የት ነው ያለው?»

«ሩቅ ነው» አልኩ። እሱን አላየሁትም።

በሁለት ወረቀት ጠቀለለው፤ ጥግ ጥጉን አጥፎ፣ እዚህ ዘይቱን ስንጠቀልል እኔ እንዳሳየሁት። «ደግመው ይምጡ» አለኝ፤ ለገበያተኛ ሁሉ እንደሚባለው። ከፈልኩና የረሳሁት መስዬ ወንበሩ ላይ ጥዬላት ወጣሁ። እሷ ታብጥርበት።

ከጥጉ ቆምኩ። አንተን እየሮጠ የደረሰብህ እዚያ ነዋ። አንተን፣ የአባቱን የአጎት የልጅ ልጅ። ሦስት ትራም አሳለፍኩ። አልመጣም። በአራተኛው ተሳፈርኩ።

ጀልባው ሲደርስ ኩማ፣ ቶዮና ሚኔ ወደቡ ላይ ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። ኩማ ገና ሳልወርድ፣ «ምን አለሽ? አምላኩ ምን አለሽ?» ብላ ጮኸች። ፊቷን አየሁት። በሕይወት አለ ብላት ቀጥላ የምትጠይቀኝን አውቃለሁ፤ ከዚያም ሱቁን ፍለጋ ትሄዳለች፣ ያቺ ልጅም አባት አይኖራትም።

«ሞቷል» አልኳቸው።

ልጆቻቸው የሞቱባቸው ሦስት ሴቶች በሕይወት ላለው ልጄ ደረታቸውን መቱ። ኩማ አንገቴን አቅፋ፣ «አይዞሽ፤ ዛሬ እንደኛ ሆንሽ» አለችኝ። እኔም ትከሻዋ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። እንባዬ እውነት ነበር። እሱ እኔን ለሚስቱ ገደለኝ፣ እኔ እሱን ለጎረቤቶቼ ገደልኩት።

ሐሙስ ዕለት ከሦስቱ ድንጋዮች አጠገብ የእሱ ይቆማል። አትምጣ፤ ጸጉሬንም አትላክልኝ፤ ከእንግዲህም አትጻፍልኝ። ቦታውን ኩማ ናት በገዛ እጇ የጠረገችልኝ። «ልጆቹን አንድ ላይ አደረግናቸው» እያለች ስትጠርግ ዋለች። ልጄ አላይም ብሎ የሸሸውን የኩማን ዓይን ከእንግዲህ በየጠዋቱ በአጥሩ ላይ የማየው እኔ ነኝ።

ሺጌኖ